ሁለተኛው ሽቦ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ «አምስት ዓመት ቢሆነው ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሰባት የሞላው ይመስለኛል። የማስታውሰው መኸሩ ገብቶ፣ ኮምባይነሮቹ ከሮቤ ሜዳ ወጥተው፣ ጋራዤ ጭር ያለበት ሰሞን እንደነበር ብቻ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ቢሆን ኖሮ እሺ አልልም ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እሱም ሰበብ ነው። ቢበዛብኝም እሺ እል ነበር።

የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ጎባ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የጭነት መኪናውም፣ ትራክተሩም፣ ኮምባይነሩም በእጄ አልፏል። የሮቤና የጎባ ሰው መብራቱ እንቢ ሲለው፣ ዲናሞው አልሞላ ሲለው፣ ወደ እኔ ይመጣል። «እሳቸው ከነኩት አይበላሽም» ይባል ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ጠዋት ሐጂ መጡ። ሐጂ የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ የመኪናዎቻቸውን ሽቦ ሁሉ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ዘመድ ነን። «አካም ጅርቱ» ተባብለን፣ ከብቱም ልጁም ደህና መሆኑን ተጠያይቀን ስናበቃ፣

«ጀልባ ገዛሁ» አሉኝ።

«ምን?»

«ጀልባ። ሞተር ያላት።»

ሳቄ መጣ። «ሐጂ፣ ሮቤ ላይ ጀልባ በምን ሊያስኬዱ ነው? በስንዴው ላይ?»

«ይሳቁ፣ ይሳቁ። ከአዳባ ወዲያ ግድቡ ያቆመውን ውሃ ረሱት? ሰው ማዶ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይዞራል። አህያው ይደክማል፣ ሴቱ ይደክማል። እኔ አሻግራለሁ። ብቻ አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ይነሳል፣ ሙቀቱን ምኑን የሚያሳዩት ጌጆቹ ግን ሞተዋል። ሽቦውን አይጥ በልቶታል። እርስዎ ያድኗት።»

ጀልባ በሩቅ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። «ሞተር ሞተር ነው» አልኩ። የጥፋቴ መጀመሪያ ይቺ ቃል ትመስለኛለች።

በማግስቱ የሽቦ ጥቅሌንና የመሣሪያ ሣጥኔን ይዤ በሐጂ መኪና ሄድን። ዲንሾ ላይ ጉሙ መንገዱን ዘግቶት በመብራት ነበር የምንሄደው። ውሃው ጋ ስንደርስ ነፋስ ነበረ፤ ጀልባዋ ከአንድ ግንድ ጋር ታስራ ወዲያና ወዲህ ትላለች። የብረት ናት። ቀለሟ ሰማያዊ ኖሮ ተልጦ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ደግሞ አረንጓዴ ይታያል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከአንዱ በጭነት መኪና ተጭና ነው የመጣችው።

ነጂው እዚያ ቆሞ ጠበቀን። የዚያው የውሃው ዳር ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ። ዝዋይ ሄዶ ሦስት ዓመት ጀልባ ላይ ሠርቷል። ሐጂ ጀልባዋን ለመግዛት የደፈሩት እሱ ስላለ ነው። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ሰላም አለኝ፣ ሣጥኔን ተቀብሎኝ ደግፎ አሳፈረኝ። ጀልባዋ ከእግሬ ሥር ስትንቀሳቀስ ክው አልኩ።

«አይዞዎት አባባ» አለኝ። «ትለምድዎታለች።»

የጌጁን ሰሌዳ ፈታሁት። አራት ጌጅ ነው ያለው፤ የሙቀቱ፣ የዘይቱ፣ የባትሪውና የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው። ከኋላው ያለውን ሽቦ ሳየው እንደ አሮጌ ገለባ ስነካው ይሰበራል። ሁሉንም አውጥቼ አዲስ መዘርጋት ነው። እስከዚህ ድረስ የማውቀው ሥራ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ከሞተሩ ወደ ሰሌዳው ከሚመጣው ሁሉ፣ ለያንዳንዱ ጌጅ ሁለት ሁለት ሽቦ ነው የተዘረጋው። አንዱ ሂያጅ፣ አንዱ ተመላሽ። ተመላሾቹ ሁሉ ተሰብስበው እስከ ባትሪው ድረስ ይሄዳሉ። መኪና ላይ እንዲህ የለም። መኪና ላይ አንድ ሽቦ ትልካለህ፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። እኛ ማሳ እንለዋለን። አንዱን ጫፍ በብሎን ከብረቱ ጋር ካጠበቅኸው አለቀ። ዕድሜ ልኬን ሁለተኛ ሽቦ ዘርግቼ አላውቅም።

«ይሄን የሠራው ሰው ሽቦ ተርፎት ነበር» አልኩ ጮክ ብዬ። ሐጂ ሳቁ። ጀልባዋን ሊያይ ዳር ላይ የተሰበሰበው ሰውም ሳቀ።

ነጂው ግን አልሳቀም። ቀረብ ብሎ አየውና፣ «አባባ፣ ዝዋይም እንዲሁ ሁለት ሁለት ነበር። ምናልባት ለውሃው ብለው ይሆን?» አለኝ።

«ለውሃው ምን?»

«እኔ አላውቅም። ሁልጊዜ እርጥብ ነው እኮ፤ ብረቱ ይዝጋል።»

«ልጄ» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ኤሌክትሪክ ዋና ያውቃል፤ አትፍራለት።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ፈገግ አለና «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ያን ፈገግታውን ዛሬም አየዋለሁ።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ለየጌጁ አንድ አንድ ሽቦ ዘረጋሁ፤ መመለሻውን ከጀልባዋ ብረት ጋር ቀለሙን ፍቄ በብሎን አጠበቅሁ። የሙቀቱን መመለሻ ያሰርኩት ሞተሩ ሥር፣ ከወለሉ አጠገብ ባለ ብሎን ነው፤ ቅርብ ስለነበር። እዚያ ቦታ ትንሽ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ በጨርቅ ጠረግሁት። የነጂው ሚስት በቅል እርጎ ልካልን ጠጣን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ሲያዞረው አራቱም ጠቋሚዎች ተነሡ። ሞተሩ ሲሞቅ የሙቀቱ ቀስ እያለ ወጥቶ መሐል ላይ ቆመ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እንደ ሙሽራ አፍሬ ወረድኩ።

ክረምቱ አለፈ፤ ጀልባዋ ትሠራ ነበር። ሐጂ ሲያገኙኝ «ያችን ልጅ አዳኗት» ይሉኛል። ነገሩ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ነው። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ጀልባዋ ሰውና እህል፣ ጥቂት በግም ጭና መሐል ውሃ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ክዳኑን ሲያነሱት እንፋሎትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው። የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ የውሃ ሣር ደፍኖት፣ ሞተሩ በሙቀት ተጣብቆ ቀርቷል። እኛ ግሪፕ አደረገ የምንለው ነው። ከዚያ ሞተር አይደለም፤ ብረት ነው። ነፋሱ ወስዷቸው እስከ ማታ በጣውላ እየቀዘፉ ማዶ ረግረግ ውስጥ ገቡ። ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። በጎቹ ግን ዘለው ሰጠሙ፤ አንዲት አሮጊትም ከብርዱ ታመው ብዙ ቀን ተኙ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እዚያው ውሃው ዳር፣ ሣሩ ላይ። እኔም ባለሙያ ነህ ተብዬ ተጠራሁ። ነጂው ቆሞ ተጠየቀ።

«ሞተሩ ሲግል ጌጁን አላየህም?» አሉት።

«አይቻለሁ። ጠቋሚው ታች ነበር። ወላሂ፣ እንደ ጠዋት ታች ነበር። ቀዝቃዛ ነው የሚለው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የሠሩት ነው። ጌጁ ሊሳሳት ይችላል?»

ማሰብ ነበረብኝ። «ልየው» ማለት ነበረብኝ፤ ጀልባዋ ሃምሳ እርምጃ አትርቅም። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በሠራሁት ሥራ ስጠየቅ፣ ነገሩ እንደ ስድብ ሆነብኝ።

«እኔ የሠራሁት አይሳሳትም» አልኩ።

ነጂው አየኝ። መሬት አላየም፤ እኔን ነው ያየው። «አባባ፣ ታች ነበር እኮ።»

«ልጄ» አልኩት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰው ሲደክመው ያላየውን ያየ ይመስለዋል። ጥፋት አይደለም።»

ከጩኸትና ከቁጣ ይልቅ ያቺ ልስላሴ ገደለችው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐጂም ሳይከሱት ይቅር ብለው ከሥራው አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ ገበያ ሲወጣ ጎረምሶቹ «ዕውሩ ካፒቴን መጣ! ገለል በሉ፣ እንዳይረግጣችሁ!» ይሉት ነበር አሉ። ወር ሳይሞላ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ደሎ መና ወረደ።

በሚቀጥለው በጋ ሐጂ ጀልባዋን ለብረታ ብረት ገዢ ሸጧት። «ጌጆቹና ሽቦው ይጠቅሙዎታል፣ ሄደው ይፍቱ» አሉኝ። ሄድኩ። ዘበኛው ብቻ ነበር። ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ወጥታ ተጋድማለች። ሞተሩ ሥር ያለውን ብሎን ልፈታ ቁልፌን ሳስገባበት፣ ብሎኑ አልዞረም፤ ተፈረፈረ። ከሥሩ ቀይ ዱቄት ብቻ ነው የቀረው። የሙቀቱን ጌጅ ሽቦ ያሰርኩበት ብሎን።

ቁጭ አልኩ። ሁሉ ነገር ባንዴ ገባኝ፤ ገብቶኝም አላምን አልኩ። ባትሪ ከመኪናው አውርጄ አገናኘሁ። ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ ከሞተሩ ላይ ነቅዬ፣ ከዘበኛው ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በጣሳ ለመንኩና ነከርኩት። ጠቋሚው ታች። ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ ጠቋሚው ታች። ከዚያ አንድ ሽቦ ከባትሪው ቀጥታ አምጥቼ፣ ሁለተኛ ሽቦ ማለት ነው፣ መመለሻው ላይ አስነካሁት። ጠቋሚው ዘሎ ላይ ወጣ። ሳነሣው ይወርዳል፣ ሳስነካው ይወጣል። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም። ዘበኛው «አባባ፣ ምን እየተጫወቱ ነው?» አለኝ።

ያ ሰው እውነቱን ነበር የተናገረው። ጌጁ ዋሽቶታል፤ ጌጁን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም በሽማግሌ ፊት ውሸታም ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት ገደማ። መብላት አስጠላኝ። ጋራዥ ሰው ሲመጣ «አሞኛል» እላለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሆዴን ያመመኝ መስሏት አብሽ በጠበጠችልኝ። ኋላ ግን አንድ ቀን፣ ስንዴ እየለቀመች ሳለ፣ ሰፌዱን አስቀመጠችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ገድለሃል ወይ?» አለችኝ።

«ምነው?»

«የገደለ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው። ንገረኝና ልወቀው።»

ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እያለቀሰች መስሎኝ ቀና ስል፣ ተቆጥታለች።

«ሦስት ሳምንት? እሱ ስንት ወሩ ነው? አንተ ሦስት ሳምንት አልጋህ ላይ ታዝናለህ!»

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ዲሲ። ይተዉት» አሉኝ። «ጀልባዋ ሄደች፣ እሱም ሄደ። አሁን ቢያወሩት የእርስዎም ስም ይጠፋል፣ ሽማግሌዎቹም የፈረዱት ፍርድ ይበላሻል። አላህ የልብን ያያል።» ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ለእኔ አዝነው ነው። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ሐጂ የልብህን ያያሉ ወይ? ተነሥ፣ ደሎ መና እንሄዳለን» አለችኝ።

«በስልክ እነግረዋለሁ። ቁጥሩን ከቤቱ ተቀብዬ...»

«በሽማግሌ ፊት አፍህ ለፍልፎ፣ ይቅርታህ በስልክ ይሁን? ታፍራለህ እኮ።»

ጉልበቷ ያማታል፤ መንገድም ያቅለሸልሻታል። ግን ሄድን። ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ አውቶቡስ። ሳነቴ ላይ ስንወጣ ብርዱ መስኮቱን አልፎ አጥንት ይገባል፤ ጋቢዋን ከፍላ አለበሰችኝ። ሪራ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወረደች፤ ለመታጠብ መስሎኝ ነበር። እያነከሰች ወደ ጫካው ዳር ሄዳ እርጥብ ሣር በእጇ ሙሉ ነቅላ መጣችና፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሣር ይዞ ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን ከሌላ አገር ቢመጡም፣ ይህን ከጎረቤት ተምረነዋል። ሣር የያዘን ሰው ሳይሰሙ ማባረር ነውር ነው።

«ባዶ እጅህን ብትቀርበው ሊያባርርህ መብቱ ነው» አለችኝ።

ደሎ መና ስንደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ጠያይቀን በአንድ የቡና መጋዘን በር ላይ አገኘነው። ጆንያ ተሸክሞ ወደ መኪና ይወጣል። ከስቷል። ሲያየኝ ጆንያውን አወረደ፤ በዚያ ሁሉ መሐል እንኳ እጁን ጠርጎ ሊጨብጠኝ መጣ። እኔ ሣሩን ያዝኩ። ሲያየው ቆመ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ጠቋሚው ታች ነበር» አልኩት። «ያልከው እውነት ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁለተኛውን ሽቦ ቆርጬ መመለሻውን ከብረቱ ጋር አሰርኩት፤ ብረቱ ዛገ። ጌጁ ዋሸህ። እኔም ዋሸሁብህ።»

ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን እንዳለ ነው የምጽፈው፦

«እኔ ጎባ ሆስፒታል ሄጄ ዓይኔን ታይቻለሁ። ሐኪሙ ፊደሉን ሁሉ አስነበበኝና ዓይንህ ደህና ነው አለኝ። ዓይኔ ደህና ከሆነ ጭንቅላቴ ነው ብዬ መንዳት ተውኩ። ትራክተር እንኳ ተለምኜ እንቢ አልኩ። ያላየሁትን የማይ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ ብዬ።»

ባለቤቴ ናት አጠገቡ ሄዳ የተቀመጠችው። እኔ ሣሬን ይዤ እንደቆምኩ ነኝ።

ኋላ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ለሚስቴ ይንገሯት» ብሎ ሰጠኝ። በኦሮምኛ ነገርኳት። «ለእሱ ስጡልኝ» አለች። ስልኩን ይዞ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደ። ቆየ። ሲመለስ ፊቱ የባሰ ጠቁሯል።

«እሷም አላመነችኝም ነበር» አለ። «ዛሬ ነገረችኝ።»

ሣሩን ግን ተቀበለኝ። ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ ኪሱ አፍ ላይ ሰካው። «ሣር አልመልስም አባባ። ይቅር ብያለሁ። ግን አልቀለለኝም፤ እንዳይመስልዎት» አለኝ። ከዚያ ጆንያውን አንሥቶ ተሸከመ። የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ።

ከተመለስን በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዲሰበሰቡልኝ አስለመንኩ። ሐጂ ደስ አላላቸውም፤ ግን መጡ። እዚያው ሣር ላይ፣ በዚያው ሰው ፊት ተነሥቼ ተናገርኩ። ጎረምሶቹም ነበሩ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላመሰገነኝም። አንዱ ሽማግሌ «ያኔ ብትናገረው ልጁ ቤቱ ይኖር ነበር» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ነጂው አልተመለሰም። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ እሱ ወረደች ሲሉ ሰማሁ፤ እንዳልተስማሙም ሰማሁ። እኔ ሣጥኔን ዘግቻለሁ። ሰው ሲመጣ ሌላ ጋራዥ እልካለሁ፤ እጄ ይችላል፣ እኔ ግን አላምነውም።

ያን ቀን ሽማግሌ ፊት ስቆም፣ ሴት በማትቀመጥበት ቦታ፣ ከሰዎቹ ጀርባ መጥታ ቆማ፣ ቃሌን እስክጨርስ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ከእኔ ላይ ያላነሣች ሰው ነበረች። እሷ ባትኖር ባልጀመርኩት ነበር፤ ጀምሬም ባልጨረስኩት። ባለቤቴ ናት።